ቃር፣ ቡና እና ያለጊዜው የሚከፈት በር

ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አንድ የድምፅ መልእክት አለ። ተናጋሪው ራሱን ዶክተር ይላል፤ የምን ዶክተር እንደሆነ ግን እስከ መጨረሻው አይነግረንም። የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ ቡና አሲድ ነው፤ አሲድ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ቃር ያለበት ሰው ቡና ባለበት አይድረስ። ከዚያ መድኃኒቱንም አብሮ ያዛል። መተው ያቃተው ሰው ስኒው ላይ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ ይጠጣ ይላል። ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ በክሊቭላንድ አቬኑና በሞርስ ሮድ ያለ ሐበሻ ሁሉ ይህን ድምፅ የሰማው ይመስላል። ሰምተው ጀበናቸውን መደርደሪያ ላይ የሰቀሉ አሉ። ከእነዚህም ውስጥ "ቡናውን ተውኩት፤ ቃሩ ግን እኔን አልተወኝም" የሚሉት ጥቂት አይደሉም።

እኔ የምተዳደረው የምግብ ቧንቧን ግፊት በመለካት ነው። በበሽተኛው አፍንጫ ቀጭን ቱቦ አስገብቼ ውኃ ሲውጥ ጡንቻው እንዴት እንደሚጨመቅና እንደሚላላ በስክሪን ላይ አነብባለሁ። ስለዚህ መልእክቱ ሲደርሰኝ በዝምታ ማለፍ አልሆነልኝም። ቡና አይስማማቸውም የተባሉ አንዳንድ ሰዎች በእርግጥም አይስማማቸው ይሆናል። የተሰጠው ምክንያት ግን ስህተት ነው። ምክንያቱ ሲሳሳት ሰው መተው የማያስፈልገውን ይተዋል፤ ማድረግ ያለበትን ደግሞ ሳያደርግ ይቀራል።

መሠረቱን ቶሎ ልለፈው። ጨጓራ ምግብ ለመፍጨትና ከምግብ ጋር የገባ ጀርም ለመግደል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያመነጫል። ራሱን ከዚህ አሲድ የሚከላከልበት ወፍራም የንፍጥ ሽፋን አለው፤ የምግብ ቧንቧ ግን እንዲህ ያለ መከላከያ የለውም። አሲዱ ወደ ላይ ሲመለስ ደረት ያቃጥላል፣ አንዳንዴም አፍ ድረስ መጥቶ ይኮመጥጣል። ይህ አልፎ አልፎ የማይነካው ሰው የለም። ሲደጋገምና ኑሮ ሲያውክ ነው በሽታ የሚባለው። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። እኛ ዘንድ ቃርም፣ የጨጓራ ቁስለትም፣ "ባክቴሪያው" የምንለው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪም በጅምላ "ጨጓራ" ይባላሉ። ባክቴሪያው በኢትዮጵያ ከሕዝቡ ግማሽ በሚሆነው ሆድ ውስጥ አለ። ቁስለት የሚያመጣው ይህ ጀርም መሆኑን ለማሳየት አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል በ1984 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ጀርሙን ራሱ ጠጥቶ ታመመ፤ በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመ። ባክቴሪያው በአንቲባዮቲክ ይድናል። ቃር ግን በአንቲባዮቲክ አይድንም፤ መነሻው ሌላ ነውና። ጎረቤትዎ ለባክቴሪያው የታዘዘላትን ኪኒን ለቃርዎ ብታካፍልዎ ደግነቷን አመስግነው ኪኒኑን ይመልሱላት።

አሁን ወደ "ቡና አሲድ ነው" እንምጣ። ነው፤ ግን ምን ያህል? የተፈላ ቡና ፒኤች 5 አካባቢ ነው። የባዶ ጨጓራ ፒኤች ደግሞ ከ1 እስከ 2 ይደርሳል። በዚህ መለኪያ ቁጥሩ በአንድ ሲወርድ አሲዱ አሥር እጥፍ ይበረታል፤ ከ5 ወደ 2 ሲወርድ ሺህ እጥፍ ማለት ነው። እንግዲህ ሺህ እጥፍ የሚበልጥ አሲድ ወዳለበት ዕቃ ውስጥ ስኒ ቡና ቢፈስ አሲዱን ያቀጥነዋል እንጂ አያበረታውም። የብርቱካን ጭማቂ ከቡና ይበልጥ ኮምጣጣ ነው። በደንብ የቦካ የጤፍ ሊጥ ፒኤች 4 አካባቢ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በታች ነው፤ ማለትም እንጀራችን ከቡናችን በአሲድ ይበልጣል። በድምፅ መልእክቱ ስሌት ከሄድን አስቀድመን መስቀል የነበረብን ጀበናውን ሳይሆን ምጣዱን ነው።

በቀዝቃዛ ውኃ ተዘፍዝፎ የሚያድረው ቡና አሲድ የለውም የሚባለውም ከዚሁ ወንዝ የተቀዳ ነው። በ2018 ፊላደልፊያ ውስጥ ኒኒ ራኦና ሜጋን ፉለር የተባሉ ተመራማሪዎች የኢትዮጵያ ቡናዎች ጭምር ያሉባቸውን ናሙናዎች በሁለቱም መንገድ አዘጋጅተው ለክተዋል። ሙቁም ቀዝቃዛውም ፒኤቹ ከ4.85 እስከ 5.13 ባለው ውስጥ ነበር። ሙቁ ውስጥ ያለው ጠቅላላ የአሲድ መጠን ከፍ ያለ ነው፤ ይህን መካድ አይገባም። ይሁንና ጨጓራ ራሱ ከሚያመነጨው ጋር ሲተያይ ይህ ልዩነት ከቁጥር አይገባም።

ቃር እንግዲህ የሚመጣው ከተጠጣው ነገር ኮምጣጣነት ሳይሆን ከበሩ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ፤ ቀሪው ነገር ሁሉ የሚገባን ይህ ሲገባን ነው።

የምግብ ቧንቧ ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም የቀለበት ጡንቻ አለ። ሌሎች ጡንቻዎች ሥራ ሲታዘዙ ይጨመቃሉ፤ ይህኛው ግን ሁልጊዜ ተጨምቆ ይኖርና ስንውጥ ለጥቂት ሰከንድ ይላላል። በጤነኛ ሰው ላይ የሚያርፍበት ግፊት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ደረትንና ሆድን የሚለየው ድያፍራም ደግሞ ከውጭ ዙሪያውን ያቅፈዋል። ስንተነፍስ፣ ስንስልና ዕቃ ስናነሣ እየጠበቀ ያግዘዋል። የጨጓራው አናት በድያፍራሙ ቀዳዳ ሾልኮ ወደ ደረት የወጣበት ሰው ሁለቱ ጡንቻዎች ስለሚለያዩበት ይህን እገዛ ያጣል። ለዚህ ነው አንዳንዱ ሰው ቡናም ቅመምም ትቶ ቃሩ የማይለቀው።

ቡናና ይህ በር ምን ያገናኛቸዋል? ከጥያቄው መልሶች አንዱ እዚሁ ከተማችን ውስጥ የተሠራ ነው። በ1980 በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሐኪሞች፣ ቶማስና ባልደረቦቹ፣ ለጤነኞችና በአሲድ የምግብ ቧንቧቸው ለቆሰለ በሽተኞች ቡና አጠጥተው የቀለበቱን ግፊት ለኩ፤ በኋላ በሆስፒታሉ አመራር ውስጥ ለረጅም ጊዜ የታወቁት ሃጎፕ መክጂያንም ከመካከላቸው ነበሩ። ግፊቱ በሁለቱም ወገን ቀነሰ። በሽተኞቹ ቀድሞውንም በሩ የላላባቸው ስለነበሩ ቅናሹ የሚጎዳው ይበልጥ እነሱን ነው። "ቡና በሩን ያላላል" የሚለው የሐኪሞች ምክር ከሚቆምባቸው ምሰሶዎች አንዱ ይህ የኮሎምበስ ጥናት ነው።

ችግሩ ከዚያ 5 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1975፣ ሲድኒ ኮኸንና ግሌን ቡዝ ያሳተሙት ተቃራኒውን ማለቱ ነው። እነሱ ቡና ጠጪዎች ላይ የቀለበቱ ግፊት ሲጨምር አዩ፤ ካፌይኑን ብቻ ሲሰጡ ደግሞ ግፊቱ እምብዛም አልተነቃነቀም። እንዴት አንዱ ጨመረ፣ ሌላው ቀነሰ ሊል ይችላል? እዚህ ላይ ስለ ራሴ ሙያ ሐቁን መናገር አለብኝ። በዚያ ዘመን ግፊት የሚለካው ቀዳዳ ባላቸው፣ ውኃ በሚንጠባጠብባቸው ቱቦዎች ነበር። ሰውየው በተነፈሰና በዋጠ ቁጥር ቀለበቱ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ቀዳዳዋ ግን ካለችበት አትነቃነቅም። የቀለበቱ ግፊትም በቀኑ ሰዓት፣ በምግብና በሆርሞን ይለዋወጣል። በደርዘን የሚቆጠሩ ነጥቦችን በአንዴ የሚለኩት ዛሬ የምንጠቀምባቸው ቱቦዎች ወደ ሆስፒታሎች የገቡት በዚህ ክፍለ ዘመን ነው። እነዚህም ቢሆኑ ፍጹም አይደሉም፤ ሰው በአፍንጫው ቱቦ ተክሎ የሚጠጣው ቡና ከጓደኛው ጋር እየተጫወተ ከሚጠጣው ቡና ጋር አንድ ነው ብዬ አልምልም። በመስኩ ያሉ ሰዎች ስለዚህ ዛሬም ይከራከራሉ፤ እኔ ግን የኮሎምበሱን ልኬት አምናለሁ፤ በሽተኞችንም ጤነኞችንም ለክቷልና። አንባቢ ይህን ሲያነብ የምኖረው ኮሎምበስ መሆኑን አይርሳ።

ደግሞስ የግፊቱ ክርክር ቢፈታ ነገሩ ያልቃል ወይ? አያልቅም። የኮሎምበሱ ጥናት በወጣበት በዚያው በ1980 አውስትራሊያዊው ጆን ዴንት ከባልደረቦቹ ጋር የመስኩን አስተሳሰብ የለወጠ ነገር አሳተመ። ዴንት ቀደም ብሎ ከቀለበቱ ጋር ሳይነጣጠል ለሰዓታት የሚለካ እጀጌ መሰል መሣሪያ ሠርቶ ነበር። በዚያ መሣሪያ ጤነኛ ሰዎችን ሌሊቱን ሙሉ ሲከታተል አሲድ የሚመለሰው በአብዛኛው በሩ ደካማ ስለሆነ አለመሆኑን አየ። ግፊቱ ደህና የነበረ በር፣ ሰውየው ምንም ሳይውጥ፣ በድንገት ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፤ ከ10 ሰከንድ በላይ ተከፍቶ ይቆይና ይዘጋል። አሲዱ የሚያመልጠው በዚያች ክፍተት ነው።

በሩ ለምን ይከፈታል? አየር ለማስወጣት ነው። ስንበላና ስንጠጣ አየር እንውጣለን፤ መውጫ ያስፈልገዋል። የጨጓራ የላይኛው ክፍል ሲወጠር በግድግዳው ያሉ ነርቮች በቬገስ ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ግንድ መልእክት ይልካሉ፤ ከዚያ ትእዛዝ ተመልሶ ይመጣና ቀለበቱ ይላላል፣ ድያፍራሙም አብሮ ይለቃል፣ እናገሳለን። የቀለበት ጡንቻው እንደ ግቢ ዘበኛ ነው። እንግዳ ሊወጣ ሲል በሩን ይከፍታል፤ ሥራው ነውና አይወቀስም። ግቢው በሰው ሲጨናነቅ ግን በሩ ቶሎ ቶሎ ይንኳኳል፤ በተከፈተ ቁጥር መውጣት የማይገባውም ከእንግዳው ጋር ሹልክ ይላል። ዘበኛው ተኝቶ ነው እያልን እሱን የምናጉላላው በከንቱ ነው፤ ማየት ያለብን ግቢው ምን ያህል እንደሞላና ሰው ለምን እንደሚያንኳኳ ነው።

ከዚህ በኋላ የቤኪንግ ሶዳው ምክር ምን ያህል የተገለበጠ እንደሆነ ይታያል። ሶዳው ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ጨጓራ ይነፋል፤ በሩ ይከፈታል፤ ሰውየው ያገሳል፤ "ቀለለኝ" ይላል። አሲዱን ለጥቂት ደቂቃ ገድሎታል፣ እውነት ነው፤ በሩን ግን ራሱ አስከፍቶታል። ያም አልበቃ ብሎ የደም ግፊት ያለበት ወላጅ በየስኒው ሶዲየም እየጠጣ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከምግብ በኋላ ምግቡ ራሱ አሲዱን ስለሚያለዝበው የጨጓራው ፒኤች ከፍ ይላል። ታዲያ ቃር የሚነሣው ለምን ከምግብ በኋላ ነው? በ2001 የግላስጎው ተመራማሪዎች መልሱን አገኙት። አዲስ የመነጨው አሲድ ከምግቡ ጋር ሳይቀላቀል ከላይ፣ ልክ ከበሩ ሥር፣ ተንሳፍፎ ይከማቻል። መሐል ጨጓራው ለዝቦ ሳለ እዚያች ጥግ ላይ ያለው ፒኤች 2 ሳይሞላ ይቀራል። በሩ ከምግብ በኋላ ሲከፈት የሚያገኘው ለስላሳውን ምግብ ሳይሆን ይህን ያልተበረዘ አሲድ ነው። ሰው በልቶ ወዲያው ጋደም ሲል ደግሞ ይህ ክምችት ወደ ቧንቧው ይንጋለላል።

እንግዲህ ቡና በዚህ ውስጥ ድርሻ ካለው አንደኛው የበሩ መላላት ነው፤ ሁለተኛው ጨጓራ ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ መቀስቀሱ ነው። ሁለተኛው ላይ ክርክር የለም። ቡና ጋስትሪን የተባለውን ሆርሞን ያስለቅቃል፤ ጋስትሪን አሲድ ያስመነጫል። ጥፋቱ ግን ሁሉም እንደሚያስበው የካፌይኑ ብቻ አይደለም። ኮኸንና ቡዝ በ1975 ያዩት አንድ ነገር እስከ ዛሬ ጸንቷል፤ ካፌይን የወጣለት ቡናም (ዲካፍ) ከንጹሕ ካፌይን የበለጠ አሲድ አስመነጨ። ከ6 ዓመት በኋላ ፌልድማንና ባልደረቦቹም ዲካፍ ብርቱ የአሲድ ቀስቃሽ መሆኑን አረጋገጡ። ስለዚህ ለጨጓራዬ ብሎ ወደ ዲካፍ የዞረ ሰው ከአሲዱ አላመለጠም።

ሆኖም ጀርመኖች ዲካፍን በሌላ በኩል አዳኑት። በ1990ዎቹ ፔልና ባልደረቦቹ ቃር ላለባቸው ሰዎች ከቁርስ ጋር አንድ ቀን መደበኛ፣ ሌላ ቀን ዲካፍ ቡና ሰጥተው በምግብ ቧንቧቸው ውስጥ ያለውን አሲድ ለኩ። በዲካፉ ቀን አሲዱ ቧንቧ ውስጥ የቆየበት ጊዜ በግልጽ አጠረ። ቀደም ብለው በጤነኞች ላይ በሠሩት ሙከራ ግን በውኃ የተበጠበጠ ካፌይን ብቻውን ቃር አላመጣም። ካፌይን ሲወጣ ሌላ ነገርም አብሮ የሚወጣ ይመስላል፤ ወይም ካፌይኑ የሚጎዳው ከቡናው ሌሎች ንጥረ ነገሮች ጋር ሲሆን ነው። በበኩሌ ሁለተኛው ይስበኛል፤ ማስረጃው ግን አንዱን ለይቶ ለመፍረድ አይበቃም።

የምወደው ጥናት በ2017 ከቪየና የወጣው ነው። በቬሮኒካ ሶሞዛ የሚመራው ቡድን አሲድ የሚያመነጩት የጨጓራ ሕዋሳት ላይ ምላሳችን ላይ ያለው ዓይነት የመራራ ጣዕም ተቀባይ አገኘ። ካፌይን በካፕሱል ተውጦ ጨጓራ ውስጥ ሲፈታ አሲድ አፋጠነ፤ አፍ ውስጥ ብቻ ሲጉመጠመጡበት ግን አሲዱ ዘገየ። ጨጓራችን መራራውን "ይቀምሳል" ማለት ነው። የመራራነቱን ስሜት የሚያጠፋ ከዕፅ የተገኘ ንጥረ ነገር ሲጨመር ደግሞ የካፌይኑ ጉልበት ተዳከመ። ይኸው ቡድን ጠቆር ብሎ የተቆላ ቡና መካከለኛ ከተቆላው ያነሰ አሲድ እንደሚያስመነጭ አሳይቷል፤ ሲቆላ ከትሪጎኔሊን የሚፈጠር ኤን ሜቲል ፒሪዲኒየም የተባለ ነገር ስላለው ይመስላል። እናቶቻችን ምጣድ ላይ ዘይቱ እስኪወጣና እስኪያብረቀርቅ የሚቆሉት ቡና ኮሎምበስ ውስጥ ዘመናዊዎቹ ካፌዎች ከሚያቀርቡት ፍሬ ፍሬ ከሚለው፣ ፈካ ብሎ ከተቆላው ቡና ይልቅ ለጨጓራ ሳይሻል አይቀርም። ያ ሙከራ ግን ከአሥር በማይበልጡ ጤነኛ ሰዎች ላይ የተደረገ ነው፤ ቃር ያለበት ሰው በእሱ ተማምኖ በረካው እስኪያልቅ አይቀመጥ።

ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲታይስ? እዚህ መልሱ ደብዛዛ ነው። በ2014 አሥራ አምስት ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ በቡናና በአሲድ መመለስ መካከል ጉልህ ግንኙነት አላገኘም። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ 8,013 ጤነኛ ጃፓናውያን የታዩበት ጥናትም እንዲሁ። በ2020 የወጣው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት ግን 48,308 ነርስ ሴቶችን ተከትሎ በቀን 6 እና ከዚያ በላይ ቡና የሚጠጡት ቡና ከማይጠጡት ይልቅ የቃር ምልክት የመያዝ ዕድላቸው በ34 በመቶ ከፍ እንዳለ አየ። ሻይና ሶዳም ተመሳሳይ ነገር አሳዩ፤ ወተትና የፍራፍሬ ጭማቂ ግን አላሳዩም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ከቡና ይበልጥ የሚኮመጥጠው ጭማቂ ነጻ ወጣ፤ ያነሰ አሲድ ያለው ቡና ተያዘ። የመጠጡ ኮምጣጣነት ቢሆን ነገሩ የሚያቃጥለው ውጤቱ በተገላቢጦሽ መሆን ነበረበት። እርግጥ ነርሶቹ አብዛኞቹ ነጭ አሜሪካውያን ናቸው፤ የጠጡትንም ራሳቸው ነው የተናገሩት። በሌሎቹ ጥናቶች ደግሞ ቃር የጀመረው ሰው ቡናውን አስቀድሞ ትቶ ሊሆን ስለሚችል ቡና ከእውነቱ የዋህ መስሎ ይታያል። ሁለቱን ሳመዛዝን የምደርስበት ይህ ነው፦ ጥቂት ስኒ ለብዙው ሰው ቃር አያመጣም፤ ብዙ ስኒ ለጥቂቱ ሰው ያመጣል።

አሁን ወደ እኛ አጠጣጥ። በአቦልና ቶና ላይ የሚወርደው ወቀሳ የበዛ ይመስለኛል። ስኒያችን ትንሽ ናት። ቶናና በረካው በዚያው አተላ ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚፈላ ስለሆነ እየቀጠነ ይሄዳል። ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ቆሎ እየቆረጠመ፣ እየተጫወተ ነው የሚጠጣው። ለቃር ከዚህ የተሻለ አቀማመጥ ማዘዝ ይከብደኛል። ቃር የሚያበዛብን ሌላ ቦታ ነው። ከቀትር በኋላ መጋዘን ገብቶ እኩለ ሌሊት የሚወጣ፣ ወይም ታክሲ ሲነዳ አምሽቶ የሚመለስ ወንድማችን ትልቁን ምግቡን የሚበላው ሊተኛ ሲል ነው። ቅቤ የበዛበት ወጥ ጨጓራ ውስጥ ይዘገያል፤ ጨጓራው ይወጠራል፤ በሩ ይንኳኳል፤ ሰውየውም ጋደም ብሏል። በማግስቱ ለመንቃት የጠጣው ትልቅ የወረቀት ኩባያ ቡና ላይ ይፈርዳል። ጾመኛውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዱን ውሎ በአንዴ ሲሞላው በሩ ላይ የሚደርሰው ያው ነው፤ ሽሮው ስለጾም ምግብነቱ ይቅርታ አያገኝም።

ስለ ትኩስነቱም ልናገር፤ እዚህ ጋ ፍርሃቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ማንም አያነሣውም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 ቡናን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር አውጥቶ ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነ ማንኛውንም መጠጥ ግን የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል መደበ። የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ በሚዘረጋው የምሥራቅ አፍሪካ ቀጠና በብዛት ይታያል፤ በአገራችን ባሌና አርሲ ይጠቀሳሉ። ይህ ከቃር ጋር የሚያያዘው የካንሰር ዓይነት አይደለም፤ መነሻውም አንድ ብቻ አይደለም። ቢሆንም ከጀበናው እንደወረደ ፉት ማለት ለማንም አይበጅም። ስኒው ላይ ትንሽ ይረፍ።

ታዲያ ቃር ያለበት ሰው ምን ያድርግ? የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ በ2022 ባወጣው መመሪያ ክብደት የበዛበት ሰው እንዲቀንስ፣ ከእንቅልፍ በፊት ባሉት 2 ወይም 3 ሰዓታት እንዳይበላ፣ ሌሊት ቃር የሚቀሰቅሰው ሰው የአልጋውን ራስጌ ከፍ እንዲያደርግ ይመክራል። ራስጌ ማለት አልጋው እንጂ ትራሱ አይደለም፤ ትራስ መደራረብ ወገብ ላይ አጥፎ ሆድን ይጨቁናል። በግራ ጎን መተኛትም ይረዳል፤ ጨጓራው ከበሩ ሥር ስለሚውል የተመለሰው አሲድ ቶሎ ይወርዳል። ስለ ቡናና መሰሎቹ መመሪያው የሚለው ለስለስ ያለ ነው፤ የሚቀሰቅስብህ ከሆነ ተው፣ ማስረጃውም ደካማ ነው ይላል።

የሚቀሰቅስ መሆኑን ማወቂያው መንገድ ቀላል ነው። የምግብ ሰዓትዎን ሳይለውጡ ቡናውን ብቻ ለሁለት ሳምንት ያቁሙ፤ ከዚያ ይመልሱት። ቃሩ ቀንሶ ቡናው ሲመለስ አብሮ ከተመለሰ መልሱ ተገኘ። ሲያቆሙ በአንድ ቀን አይቁረጡት። "ልጄ፣ ቡና ካልጠጣሁ ራሴን ይፈልጠኛል" የሚሉት እናቶች እያጋነኑ አይደለም፤ ካፌይን ሲቀር የሚመጣ ራስ ምታት ነው፣ ጥቂት ቀን ቆይቶ ይሄዳል፤ ስኒውን ቀስ በቀስ ቢቀንሱት ግን ከነጭራሹ ላይመጣ ይችላል። ቡናው ጥፋተኛ ሆኖ ካልተገኘ በደስታ ይጠጡ። ከተገኘም መጀመሪያ የማታውን፣ ቀጥሎ የባዶ ሆዱን ይቀንሱ፤ ሁሉንም ለመተው አይቸኩሉ።

መድኃኒትም አለ። ኦሜፕራዞል እዚህ አሜሪካ ከ2003 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል፤ ገበያ ላይ ያወጣው የኛው የኦሃዮ፣ የሲንሲናቲው ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ነው። ብዙ ሰው ግን ሲያቃጥለው ይውጠውና "አልሠራልኝም" ይላል። ይህ መድኃኒት የሚዘጋው ሥራ የጀመረ የአሲድ ፓምፕ ነው፤ ፓምፑ ሥራ የሚጀምረው ደግሞ ምግብ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይወሰዳል። ማሸጊያው ላይ ካለው የ14 ቀን ገደብ በላይ ካስፈለገ ሐኪም ማየት ግድ ነው።

ምግብ ሲውጡ ደረትዎ ላይ ከተያዘ፣ ሳያስቡት ከከሱ፣ ደም ካስመለሰዎት ወይም ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ቡና መተው መፍትሔ አይደለም፤ በካሜራ መታየት አለብዎ። ደረትዎን የሚጫን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር የሚመጣ ሕመም ከሆነ ቃር ነው ብለው አይቀመጡ፣ 911 ይደውሉ። ሆስፒታል ሲሄዱም ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉት። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም ሆስፒታል የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቀጠሮ ሲይዙ ይጠይቁ።